ከግዢው ቤት አጠገብ ያለ የተተወ የከሰል ማዕድን ጉድጓድ

ጥያቄ (ሀገሬ_ሩቅ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በደራም ቤት ለመግዛት ላይ ነን። ጠበቃችን ያስመጣችው የማዕድን ዘገባ ከግቢው ወሰን በ20 ሜትር ውስጥ የተተወ የድንጋይ ከሰል መውረጃ ጉድጓድ እንዳለ ይገልጻል። ቦታው ድረስ ሄደን ስናይ፣ መካከሉ ሰርጎድ ያለ ሣር እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ሻጩ «ድሮ ተሞልቷል» ይላሉ። ይህ ያስተማምናል?

መልስ (አፈር_መርማሪ)፦
ተሞልቷል ማለት አደጋው ተወግዷል ማለት አይደለም። በቀድሞው ዘመን ጉድጓዱን እስከ ታች ከመሙላት ይልቅ ጥቂት ሜትር ወርደው የእንጨት ርብራብ ያጋድሙና ከላዩ አፈርና ፍርስራሽ ይደፉበት ነበር፤ እንጨቱ ለዓመታት ሲበሰብስ ቆይቶ ድንገት ሲሰበር የተሸከመው ሁሉ ቁልቁል ይወርዳል። እስከ ታች የተሞላውም ቢሆን፣ የማዕድኑ ውኃ ከፍና ዝቅ ሲል አፈሩ ወደ ጎን ዋሻዎቹ ሊሸሽ ይችላል። ስለዚህ ያ ስርጉድ መሬት አላማረኝም።

ትክክለኛው ሥራ በመሰርሰሪያ ክፍተቱን ፈልጎ ሲሚንቶና የከሰል አመድ የተቀላቀለበት ፈሳሽ ማስገባት፣ ከዚያም በጽኑ አለት ላይ ባረፈ ባለብረት አርማታ መክደን ነው፤ የክዳኑም ስፋት ቢያንስ የጉድጓዱን እጥፍ እንዲሆን ይደረጋል። ሻጩን የሚጠይቁት መሞላቱን ሳይሆን የዚህን ሥራ ሰነድ ነው።

መልስ (ነፋሻማ)፦
ጋዙም አይዘንጋ። የአየር ግፊት ሲቀንስ ከአሮጌ ማዕድን ኦክስጅን ያነሰው አየር፣ አንዳንዴም ሚቴን፣ ሽቅብ ይወጣል። በስኮትላንድ ጎርብሪጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ቤቶች በመግባቱ 64 መኖሪያዎች እንዲፈርሱ ተወስኗል። ክዳን ሲሠራ የጋዝ መተንፈሻ ያስፈልግ እንደሆነ አብሮ የሚጠናው በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ (አፈር_መርማሪ)፦
ለመጨመር ያህል፣ በብሪታንያ ከ170,000 በላይ እንዲህ ያሉ የማዕድን መግቢያዎች ተመዝግበዋል፤ ብዙዎቹ የተነሡት ከአሮጌ ካርታ ስለሆነ ነጥቡ በሜትሮች ሊሳሳት ይችላል። በራስዎ ግን አያስቆፍሩ፤ የከሰል ማዕድኑን የሚያስተዳድረው የመንግሥት አካል አስቀድሞ መፍቀድ አለበት።

ጠያቂ (ሀገሬ_ሩቅ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠበቃችን ዛሬውኑ ሰነዱን ጠይቃለች፤ እስኪመጣ ቀብዱን አንከፍልም።