ቸርኬው ይዞራል፣ ነበልባሉ ግን አይረዝምም፦ እርዳታ ለሳይንስ ክበብ ሙከራ

ተማሪ ከሽምብጥ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የሚሽከረከር አየር ነበልባልን እንዴት እንደሚለውጥ በክበባችን ልናሳይ ነው። አሮጌ የብስክሌት ቸርኬ አጋድመን፣ ላዩ ላይ ጣውላ አሰርን፣ መሃሉ ላይ ሻማ አቆምን። ብናሽከረክረውም ነበልባሉ ያው ነው። ከሰዓት በረንዳ ላይ ስንሞክር ደግሞ ይጋደልና ይጠፋል። ነፋሱን ብለን በረጅም የዘይት ቆርቆሮ ስንከልለው ደክሞ ጠፋ። ምን ጎደለን? መምህራችን አብሮን ነው።

የፊዚክስ መምህር
ጎበዝ ልጅ! ቸርኬው ዞረ ማለት አየሩ ዞረ ማለት አይደለም። ልሙጥ ጣውላ አየሩን ብዙም ይዞት አይዞርም። የሽቦ ወንፊት ጠቅልላችሁ እንደ ቱቦ ሥሩና ሻማውን ከቦ ከጣውላው ጋር እንዲዞር እሰሩት። አየሩን የሚያዞረው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራውን እሳቱ ራሱ ይጨርሰዋል። ትኩስ አየር ወደ ላይ ሲወጣ፣ በቦታው በወንፊቱ ቀዳዳ ሌላ አየር ይገባል፤ እየዞረ ነው የሚገባው። ወደ መሃል በቀረበ ቁጥር ዙሩ ይፈጥናል። እንዲህ የሚዞር አየር ከነበልባሉ ጋር ከጎን ቶሎ አይደባለቅም። ስለዚህ ከነዳጁ (ከሻማው ሰም) የሚወጣው ትነት በቂ ኦክስጅን እስኪያገኝ ድረስ ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ነበልባሉ ቀጥኖ የሚረዝመው ለዚህ ነው። ከታች ደግሞ ወደ ነዳጁ የሚደርሰው ሙቀት ስለሚጨምር ትነቱ ይፈጥናል።

በሻማ ለውጡ ትንሽ ነው። በብረት ክዳን ላይ አልኮል የነካ ጥጥ ይሻላል፤ እሱን ግን መምህራችሁ ብቻ ይለኩሰው። የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን ብዙም አይታይም። የጠፋ መስሏችሁ ከላይ እንዳትጨምሩ! ክዳኑ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ ጠርሙሱንም ከክፍሉ አውጡት።

ብረት ሠሪው
ልጄ፣ ለመስኮት ከሚሸጠው ወንፊት ብዙው ፕላስቲክ ነው፤ ቀልጦ ይንጠባጠባል። ጫፉን ቆርጠሽ ውጭ በክብሪት ሞክሪው። የቸርኬውን ኩሽኔታ ግሪስ ቀቢው። መሃሉን ለማግኘት እርሳስ አቁመሽ አዙሪ፤ ጫፉ ክብ ከሠራ መሃል አይደለም። መሃል ያልሆነ እሳት ወደ ወንፊቱ ይጋደላል።

የልጆች እናት
እህቴ፣ ቆርቆሮው ታችኛው በኩል ድፍን ነው አይደል? የከሰል ምድጃን የታች በር ስትዘጊው ፍሙ እንደሚደክመው ነው። ከታች አየር ካልገባ፣ ከላይ የሚወርደውንም የሚወጣው ትኩስ አየር ይገፋዋል።

በረንዳውንም ተዉት። ቀን ላይ የብሱ ከጣና ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ከሰዓት ይብሳል። ክፍል ውስጥ መጋረጃ የሌለበት ቦታ ሥሩ። ሲነድ መስኮቱ ይዘጋ፤ በየመሃሉ ክፈቱትና ንጹሕ አየር ይግባ።

ምህንድስና ተማሪ
ሳታሽከረክሩም ይሆናል። ረጅም የቆርቆሮ ቱቦ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ግማሾቹን ትንሽ አዛንፉና ፊት ለፊት አቁሟቸው፤ ግራና ቀኝ ቀጥ ያለ ክፍተት ይቀራል። አየሩ በክፍተቱ ግድግዳውን ተከትሎ ይገባና እሳቱን ራሱ ያዞረዋል። ክፍተቱ በጣም ከሰፋ ዙሩ ይጠፋል፣ በጣም ከጠበበ እሳቱ አየር ያጣል። የአየር መግቢያ ነገር እዚህ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል፤ እኔ ብሆን ይሄን ነበር የማሳየው።

ለምን ይጠቅማል ለሚላችሁ መልስ አላችሁ። በ1923 እ.ኤ.አ. ቶኪዮን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ሰደድ እሳት አስነሣ። ሰው በተጠለለበት አንድ ሜዳ ላይ እንዲህ እየዞረ የሚነድ የእሳት አውሎ ነፋስ ወደ 38,000 የሚጠጋ ሕይወት ቀጠፈ።

ተማሪ ከሽምብጥ
መምህር፣ ጋሼ፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የሽቦ ወንፊት አግኝተናል። ግን ምኑን እንለካ?

የፊዚክስ መምህር
ቁመቱን። ከኋላ የብረት ማስመሪያ አቁማችሁ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ነበልባሉ ስለሚዘል የብዙ ምስሎችን አማካይ ውሰዱ። ቸርኬው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፋችሁ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። አልኮሉ ሁልጊዜ እኩል ይሁን፣ ነዶ እስኪያልቅ ያለውንም ሰዓት ያዙ። አራቱንም ሞክሩ፦ ያለ ወንፊት ቆሞ፣ ያለ ወንፊት ዞሮ፣ በወንፊት ቆሞ፣ በወንፊት ዞሮ። ሦስተኛውን እንዳትዘሉት። ወንፊቱ ቆሞ ነበልባሉ ካልረዘመ፣ ያረዘመው መከለሉ ሳይሆን መዞሩ እንደሆነ ለዳኞቹ ማሳየት ትችላላችሁ።