የጥቁሯ የተራራ የእሳት እራት መለያ፦ የጋራ ዕቅድ፣ ረቂቅ 3

ሰብሳቢ
ረቂቅ 3 ይኸው። ሁለቱ ቡድኖች ለየብቻ ሊያስገቡት የነበረውን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ። ዓላማው ጥቁሯን የተራራ የእሳት እራት፣ በሳይንሳዊ ስሟ ግላሲየስ ኮራሲናን፣ ከቅርብ ዘመዶቿ የሚለይ አጭር መመሪያ ማውጣት ነው። የስኮትላንድና የአልፕስ ናሙናዎችን ጎን ለጎን እናያለን። የወንዶቹን የመራቢያ አካል አውጥተን እናነጻጽራለን። ከእያንዳንዱ ናሙና አንድ እግር ለዲኤንኤ እንልካለን። የጋራ ገንዘቡ ለሦስቱም ይበቃል። የዕቅዱ ማስገቢያ ዓርብ ይዘጋል።

ባለ ስፒል
የመራቢያ አካሉን እኔ እሠራለሁ። ብያለሁ፣ አልመለስም። ግን ፎቶ ብቻ ያለውን አታምጡብኝ። ያለፈው ጊዜ ምን እንደደረሰብን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የክንፏ ብናኝ ከረገፈ ኮራሲናም ዘመዷ አልፒናታም ያው ግራጫ ናቸው። ሆዷ 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ገብቶ ሥጋው ሲለቅ ነው እውነቱ የሚታየው።

ቋጥኝ
ርዕሱ ላይ «የእሳት እራት» የሚለው ይውጣ። ይህቺ በቀን ነው የምትበርረው፣ ያውም ፀሐይ ሲወጣ። ደመና ሲመጣ ድንጋይና ቁጥቋጦ መሀል ትገባለች። እሳት ምኗ ነው? አማርኛ ውስጥ የእሳት እራት የምንላት ማታ ብርሃን አይታ መጥታ የምትቃጠለውን ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል።

ባለ መረብ
ምደባ በዝምድና እንጂ በሰዓት አይደለም። ጂኦሜትሪዴ ቤተሰብ ውስጥ ናት። እጮቿ እንደ ሌሎቹ ጂኦሜትሪዴ እየተጎነበሱ እየተዘረጉ መሬት እንደሚለካ ሰው ይሄዳሉ። የቤተሰቡ ስምም ከዚያ ነው የመጣው። ዘመዶቿን ሁሉ የእሳት እራት ብለን እሷን ልንነጥል ነው? በቀን የሚበርሩት፣ ዛይጌና የሚባሉት የእሳት እራቶችስ?

ቋጥኝ
እነሱንም አልልም።

ጸሐፊ
ታዲያ ምን እንበላት? ቢራቢሮ እንዳንል የአንቴናዋ ጫፍ እንደ ቢራቢሮ ዱላ ራስ የለውም። ብል እንዳንል ብል ልብስ የሚበላው ነው። ያለን ቃል ይኸው ነው።

ገንዘብ ያዥ
ስለ ስሙ ነገ ተጨቃጨቁ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። እጯ ለማደግ ሁለት ዓመት ይፈጅባታል። ስኮትላንድ ውስጥ ኤምፔትረም የሚባለውን ጥቁር ፍሬ ያለው ቁጥቋጦ እየበላች ሁለት ክረምት ታሳልፋለች። ረቂቁ የያዘው ግን የአንድ በጋ የመስክ ሥራ ነው። በመጥፎ ዓመት ሄደን ባዶ እጃችንን ብንመለስ ገንዘቡን ማን ይመልሳል?

ቋጥኝ
ጋሼ፣ ጥያቄው ትክክል ነው። ግን ስሙ ካልተስተካከለ እኔ አልፈርምም።

ባለ መረብ
በአንድ ቃል ዕቅድ ልታፈርስ ነው?

ቋጥኝ
ዕቅዱን የሚያፈርሰው የተሳሳተ ቃል ነው። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች የእኔ ናቸው። መመሪያው ሲወጣ ሰው የሚያነበው ርዕሱን ነው። «ይቺ የእሳት እራት ማታ ለምን አትገኝም» ብሎ መብራት ይዞ ተራራ የሚወጣ ሰው አይቻለሁ። ሌሊቱን ሙሉ በብርድ ተቀምጦ ምንም አላገኘም። እሱን ማን ይክሰዋል?

የደጋ ልጅ
ይሄ እውነት ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ። ሦስት ሌሊት ከ600 ሜትር በላይ ተቀምጬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ እግሬ ሥር ተነሣች።

ባለ መረብ
አዝናለሁ፣ አላወቅሁም። ግን ጥፋቱ የስሙ አይደለም። መመሪያ ስላልነበረ ነው። እኛም የምንጽፈው ለዚያ ነው።

ጸሐፊ
ላቲኑ «ኮራሲና» ቁራ የሚመስል፣ እንደ ቁራ የጠቆረ ማለት ነው። «ግላሲየስ» ደግሞ በረዶ ነው። «የበረዶ ቁራ» ብንላትስ? ከላቲኑም አይርቅም።

ቋጥኝ
ጥሩ ነው! ይኸ ይግባ።

ባለ መረብ
የበረዶ ቁራ ብሎ የሚሰማ ሰው ወፍ ነው የሚፈልገው። ሴቷስ? ሴቷ ከወንዱ ታንሳለች፣ ቀለሟም ቡናማ ነው። ሴቷን ቁራ ብላችሁ ማንን ታሳምናላችሁ? ባለፈው ናሙና ተሳሳተ የተባለው ብዙው ሴቷን ሌላ ዝርያ ስላልናት ነው። መመሪያው በዚህ ቢጀምር ይሻላል።

ሰብሳቢ
የሴቷን ነገር አስገብቻለሁ። አመሰግናለሁ። ሌላውን እንቀጥል።

ገንዘብ ያዥ
የሁለት ዓመቱን ጥያቄ የመለሰልኝ የለም።

ጸሐፊ
አንድ ነገር ልጨምር። «የእሳት ራት» ነው ወይስ «የእሳት እራት»? ረቂቁ ውስጥ ሁለቱም አለ።

ቋጥኝ
የሚሰረዝ ቃል ፊደሉ ምን ያደርግልናል?

ባለ መረብ
ማን ወሰነ ይሰረዝ ብሎ? እርስዎ ብቻዎን?

ቋጥኝ
አሁን «እርስዎ» ሆንኩ? ደግ። የእኔን ናሙናዎች ከዝርዝሩ አውጡ። ሳጥኑ እኔ ጋ ይቆያል።

ሰብሳቢ
እባካችሁ። ያለ እሱ ናሙናዎች የአልፕስ ክፍል የለንም። የዕቅዱ ልብ ደግሞ እሱ ነው። የስኮትላንዷና የአልፕሷ ኮራሲና ዛሬ በሰፊ ቆላ ተለያይተው ነው የሚኖሩት። በረዶው ዘመን አብቅቶ ምድር ሲሞቅ ቅዝቃዜውን ተከትለው ወደ ሰሜንና ወደ ከፍታ ቀሩ። አሁንም አንድ ናቸው ወይስ መለያየት ጀምረዋል? ዝርያ መለያ የሆነውን፣ 658 የዲኤንኤ ፊደል ያለውን የሲኦአይ ባርኮድ የምናነበው ለዚህ ነው። ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት ጠበቅን!

የደጋ ልጅ
ቋጥኝ ወንድሜ፣ ሳጥኑን አትያዝ። ያንን የክንፍ ታች የሚያሳየውን ረድፍ ያየሁ ቀን ነው ልዩነቱ የገባኝ። ሁሉም ሰው የክንፉን ላይ ብቻ ፎቶ ያነሣል። አንተ ታቹን አሳይተኸናል።

ቋጥኝ
አመሰግናለሁ። አንተን ስለማከብር ነው እንጂ። ናሙናዎቹ ይግቡ። ስሙ ላይ ግን እንነጋገርበት።

ባለ መረብ
እኔም በስሜት ጻፍኩ። ይቅርታ። «አንተ» ብዬሃለሁ፣ ተመልሰናል።

ጸሐፊ
እስኪ አንድ ነገር ላቅርብ። በቀን ለሚበርሩት ሁሉ አማርኛ ስም የለንም። መመሪያው ላይ የስሞች ዝርዝር ብንጨምርስ? የእያንዳንዱ ዝርያ ላቲን ስም፣ ትርጉሙ፣ የሚቀርበው የአማርኛ ስም። የኮራሲና ዘመዶች አልፒናታ፣ አልቲኮላሪያ፣ ኖሪካና ሁሉም ይግቡ።

ቋጥኝ
እኔ እሠራዋለሁ። ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።

ባለ መረብ
ዝርዝሩ ላይ ዝርያዋን መጀመሪያ የገለጸው ሰው ስም ቅንፍ ውስጥ ይሁን። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤስፐር በ1805 ሲገልጻት ሌላ ጂነስ፣ ማለትም ሌላ የዝርያዎች ወገን ውስጥ ነበር ያስቀመጣት። በኋላ ጂነሷ ተቀየረ። ስለዚህ ግላሲየስ ኮራሲና (ኤስፐር፣ 1805) ነው የሚባለው። ረቂቁ ላይ ቅንፉ የለም።

ሰብሳቢ
አስተካክያለሁ። ባለ ስፒል፣ የመራቢያ አካሉ ስንት ሳምንት ይወስዳል? በጀቱ ላይ ቀን መጻፍ አለብኝ።

ሰብሳቢ
ባለ ስፒል?

ገንዘብ ያዥ
ከትናንት ጀምሮ ዝም ብሏል። ደውዬለት ነበር፣ አላነሣም። ዲኤንኤውን እወስዳለሁ ያለችውም አልተመለሰችም። ሁለቱም ከሌሉ ምን ላይ ነው የምንከፍለው?

የደጋ ልጅ
እግሮቹን መቁረጥ እችላለሁ። ማውጣትና ማንበብ ግን አልችልም።

ሰብሳቢ
እሺ። ረቂቅ 4። ዓርብ ስለደረሰ እንዲህ አድርጌዋለሁ። ምዕራፍ 1 በቀን የሚበርሩ የተራራ ዝርያዎች የአማርኛ ስም ዝርዝር ሆኗል፣ በቋጥኝና በጸሐፊ። ምዕራፍ 2 ወንድና ሴት ኮራሲና በፎቶ፣ የክንፍ ላይና ታች ጎን ለጎን። የመራቢያ አካሉና ዲኤንኤው ወደ ሁለተኛው ዙር ተዛውረዋል። ርዕሱ ለጊዜው «ጥቁሯ የተራራ በራሪ» ነው።

ባለ መረብ
«በራሪ» ዝንብም ነው እኮ።

ቋጥኝ
ለጊዜው ነው ተብሏል። እኔ ተስማምቻለሁ።

ገንዘብ ያዥ
ለስም ዝርዝር ይህን ያህል ገንዘብ አልሰጥም። የመጀመሪያው ሐሳብ ዝርያ መለየት ነበር። ስለ ሁለት ዓመቱ እንደገና እጠይቃለሁ።

ጸሐፊ
ጋሼ፣ ቀሪው ለሁለተኛው ዙር ይቀመጥ። ዝርዝሩ 30 ስም ደርሷል። ዛይጌናዎቹንም ጨምረናል።

የደጋ ልጅ
የኖሪካና ናሙናዎች እኔ ጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ናቸው። ለሥራ ተብለው ነው የተቀመጡት። ረቂቅ 4 ላይ የትም አላየኋቸውም። ማን ይወስዳቸዋል?