ጥቁር አፈር ላይ የቆመ ሕንፃ ውስጥ ቤት ልከራይ ነው፤ ስንጥቁ ምን ያህል ያሳስባል?

ጠያቂ፦ ተከራይ ዘለቡ

ሰላም ለሁላችሁ። ለቡ አካባቢ ጂ+4 ሕንፃ ላይ፣ አንደኛ ፎቅ፣ ባለሁለት መኝታ ቤት ለመከራየት እየተነጋገርኩ ነው። አፈሩ ጥቁር ነው፤ የሰፈሩ አጥር በሙሉ ተሰነጣጥቋል። ቤቱ ውስጥ የሚታየው ይህ ነው፦ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ ወደ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ፤ ሲዘጋ ወለሉን የሚፍቅ በር። ከውጭ ደግሞ ሕንፃውን ዙሪያውን የሚከበው የሲሚንቶ ንጣፍ ከግድግዳው ሁለት ጣት ያህል ተላቋል። ሳሎኑ ገና አዲስ ቀለም ተቀብቷል። አከራዩ «የልስን ስንጥቅ ነው፣ የትም ቤት አለ» ይላሉ፤ የስድስት ወር ቅድሚያም ጠይቀዋል።

ክረምት ሊገባ ነው። ቤቱን አንድ ጊዜ ደግሜ የማየት ዕድል አለኝ። ምን ልይ? ውሉ ላይስ ምን ላስገባ?

መልስ፦ መሐንዲስ አቃቂ

አከራዩ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ለቡ፣ አቃቂ፣ ቃሊቲ፣ ቦሌ፣ ሲኤምሲ፣ እነዚህ ሁሉ ጥቁር አፈር በብዛት ያለባቸው ሰፈሮች ናቸው፤ ስንጥቅ የሌለው ግድግዳ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ የሚመረመረው ስንጥቁ የት ላይ እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሰፋና አሁንም እየሄደ መሆን አለመሆኑ ነው።

መጀመሪያ አፈሩን እንረዳው። መረሬ፣ ማለትም ጥቁሩ አፈር፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በክረምት መሠረቱን ከታች ይገፋዋል፣ በበጋ ከሥሩ ይሸሻል። ሕንፃው ሁሉም ጎኑ እኩል ቢነሳና እኩል ቢወርድ ግድግዳው ምንም አይሆንም ነበር፤ ጉዳት የሚመጣው አንዱ ጥግ ረጥቦ ሌላው ደርቆ ሲገኝ ነው። በዚህ አፈር ላይ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ቀላል ግንባታ ነው። አጥር፣ ሰርቪስ ቤት፣ የውጭ ደረጃ ቀድመው የሚሰነጠቁት አፈሩ የሚገፋበት ኃይል ከክብደታቸው ስለሚበልጥ ነው። ጂ+4 ከባድ ስለሆነ እብጠቱን የተሻለ ይቋቋማል። የአጥሩ መሰንጠቅ ስለ አፈሩ እንጂ ስለ ሕንፃው ብዙ አይናገርም።

ሕንፃውን የሚሸከሙት ኮለኑ (ቋሚው ምሰሶ)፣ ቢሙ (ምሰሶዎቹን የሚያገናኘው አግድም ተሸካሚ) እና ሶሌታው (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ናቸው፤ ብሎኬቱ ክፍል መክፈያ ነው። ብሎኬቱ ከኮለኑ ወይም ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ክር የመሰለ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሁለቱ ዕቃ ልዩነት ያመጣው ነው፤ እሱን ይለፉት። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የሚሄድ፣ ወይም የብሎኬቱን መገጣጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚወጣ ስንጥቅ ግን መሠረቱ እኩል እንዳልተቀመጠ ይጠቁማል። የእርስዎ ከዚህ ወገን ነው። ኮለን ላይ ወይም ቢም ላይ ስንጥቅ ካዩ፣ በተለይ ሰያፍ ከሆነ፣ ወይም ሲሚንቶው ተልጦ ፌሮው ከወጣ፣ ስለ ኪራይ መነጋገሩን ያቁሙ።

ስፋቱን ለመለካት ኤቲኤም ካርድ ይበቃል፤ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ካርድ የማያስገባ ስንጥቅ በቀለም የሚሸፈን ነው። ከአንድ እስከ ስድስት ካርድ፣ ማለትም እስከ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በርና መስኮት መንከስ የሚጀምሩበት ደረጃ ነው፤ ይኖርበታል፣ ግን ክትትል ይፈልጋል። ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሲደርስ የውሃና የፍሳሽ ቱቦ ሊሰበር ይችላል፣ በሮች ተጣብቀው አልከፈት ይላሉ። ከ15 በላይ አይከራዩ። ከ25 በላይ ከሆነ ሕንፃው ራሱ መጠገን አለበት፣ ሰውም ባይኖርበት ይመረጣል።

ለመሐንዲሶች ሌላ መለኪያ አለ። በሁለት ኮለኖች መካከል ያለው የመስመጥ ልዩነት በርቀታቸው ሲካፈል ከ1/500 በታች ከሆነ ግድግዳው በአብዛኛው አይሰነጠቅም፤ ወደ 1/300 ሲጠጋ ብሎኬቱ መሰንጠቅ ይጀምራል፤ 1/150 ሲደርስ ለኮለንና ለቢም ያሰጋል። ኮለኖቹ በ4 ሜትር ቢራራቁ 8፣ 13 እና 27 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ልዩነቱ እንዲህ ጠባብ ስለሆነ በዓይን ግምት አይወሰንም።

መልስ፦ ፎርማን

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔ በእጅ የሚሠራውን ልጨምር።

የጣትዎን ያህል ቀጭን፣ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ 10 ሜትር ይግዙ፤ ውሃ ሞልተው አረፋውን ያስወጡ። አንድ ሰው አንዱን ጫፍ አንደኛው ግድግዳ ላይ፣ ሌላው ሰው ሌላውን ጫፍ ማዶ ይያዝ። የሁለቱ ጫፎች ውሃ የሚቆምበት ቁመት አንድ ነው። ከውሃው ልክ እስከ ቢሙ የታችኛው ጠርዝ ድረስ በሁለቱም በኩል በሜትር ይለኩ። ሴራሚኩን አይለኩ፤ ሴራሚክ ሲነጠፍም ጠምሞ ሊሆን ይችላል፣ ኳስ ተንከባለለ ብሎ መደናገጥም ከዚህ ይመጣል። ቢሙም ቢሆን ሲሞላ አንድ ሳንቲ ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል ቁም ነገር የሚሆነው ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ሲያገኙ፣ ዝቅ ያለውም ጎን ስንጥቁ ካለበት ጎን ጋር ሲገጥም ነው። ከውጭ ደግሞ ከላይኛው በረንዳ ቱምቢ (ክብደት የታሰረበት ክር) ጥለው ማዕዘኑን ይዩ።

አዲሱን ቀለም በተመለከተ፦ ሲመሽ ይሂዱ፣ መብራት አጥፍተው የስልክዎን ባትሪ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወደ ጎን ያብሩ። በስቱኮ የተደፈነ ስንጥቅ እንደ ጠባሳ ጎልቶ ይታያል። ቀለም የማይደርስበትን ቦታም ይዩ፦ የደረጃውን ግድግዳ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ የቆጣሪውን ክፍል፣ ሰገነቱን። ምድር ቤት የሚኖሩትን ሰው አንኳኩተው «ሴራሚክ ተነስቶባችሁ ያውቃል?» ብለው ይጠይቁ። የምድሩ ወለል በቀጥታ አፈሩ ላይ ስለሚያርፍ እብጠቱ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። አንደኛ ፎቅ መሆንዎ በዚህ በኩል ይጠቅማል።

በመስኮቱ ላይ ያለው ስንጥቅ አጭርና አግድም ከሆነ አርኪትራቩ (ከመስኮቱ በላይ ያለው አግድም ኮንክሪት) በሁለቱም በኩል በቂ መቀመጫ አላገኘም ማለት ሊሆን ይችላል፤ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል መቀመጥ ነበረበት። ያ የሥራ ጉድለት ነው፣ ከአፈሩ ጋር አይገናኝም።

አሁን ዋናው ነገር ውሃ ነው። የተላቀቀው ንጣፍ ከስንጥቁ ይልቅ እኔን ያሳስበኛል። በበጋ አፈሩ ተኮማትሮ ክፍተት ሠርቷል፤ በክረምት የጣሪያው ውሃ በዚያ ክፍተት ቀጥታ ወደ መሠረቱ ይወርዳል። ንጣፉ ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት፣ በሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ተዳፋት ሊኖረው ይገባል፤ ክፍተቱም ውሃ በማያስገባ፣ በሚለጠጥ ነገር መደፈን አለበት። በሲሚንቶ ብቻ ከተደፈነ በሚቀጥለው ዓመት ይላቀቃል። አሸንዳው ወርዶ የት እንደሚያፈስ ይከተሉ፤ ማንሆል ውስጥ ሳይገባ ግድግዳው ሥር የሚያፈስ ከሆነ ያ ጥግ ነው የሚነሳው። የሴፕቲክ ታንኩን ቦታ፣ የሮቶውን ትርፍ ውሃ መውጫ፣ ከመሬት በታች የሚያንጠባጥብ ቧንቧ መኖሩን ይዩ። ለቧንቧው ሁሉም ሰው ውሃ ዘግቶ ቆጣሪው መዞር አለመዞሩን ማየት ነው። ከግድግዳው አጠገብ ባሕር ዛፍ ካለ በተቃራኒው አፈሩን እያደረቀ ያን ጎን ያሰምጠዋል።

መልስ፦ ሕግና ቤት

ስለ ውሉ ልናገር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያን ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ገድቦታል፤ ስለዚህ ስድስት ወር መክፈል የለብዎትም። እንዲህ ዓይነት ሕንፃ ላይ ይህ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ግድግዳው በነሐሴ መከፈት ቢጀምር ከቤቱ እንዳይወጡ የሚይዝዎት አከራዩ እጅ ያለው ገንዘብ ነውና። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስም ያዛል። ሁለት ዓመት ጥሩ ዋስትና ነው፤ ለእርስዎ ግን መውጫ በር በግልጽ ይጻፍበት።

በርክክብ ቀን እያንዳንዱን ስንጥቅ ሜትር ወይም ካርድ አስጠግተው ፎቶ ያንሱ፣ ቦታውንና ስፋቱን በወረቀት ይዘርዝሩ፣ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። ይህ ካልተደረገ ሲለቁ «አንተ ነህ የሰበርከው» ተብሎ ለሴራሚኩና ለበሩ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ለአከራዩም የሚነግሩት ነገር አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ጥራትና ጥንካሬ ለአሠሪው ዋስ ነው፤ በአፈሩ ጠባይ ለሚመጣ ጉዳት ጭምር። ሕንፃው 10 ዓመት ካልሞላው ስንጥቁን በስቱኮ መደበቅ ባለቤቱን ራሳቸውን ይጎዳል፤ ማስረጃቸውን እያጠፉ ነው።

ኮንዶሚኒየም የሚከራይ ሰው ካለ ደግሞ ይህን ልብ ይበል፦ መሠረቱ የጋራ ንብረት ስለሆነ አንድ አከራይ «አስጠግናለሁ» ቢል ብቻውን አይችልም፤ የባለቤቶቹ ማኅበር መወሰን አለበት። ተስፋውን ሳይሆን የማኅበሩን ውሳኔ ይጠይቁ።

ጠያቂ፦ ተከራይ ዘለቡ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለካሁት፤ ስንጥቁ ሦስት ካርድ ያስገባል፣ ከላይ ይሰፋል ወደ ታች ይጠባል። ኮለንና ቢም ላይ ምንም የለም። በቱቦው የተገኘው ልዩነት 1 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። አሸንዳው ግን አንዱ ጥግ ላይ መሬት ላይ ያፈስሳል። አዲስ ያየሁት ደግሞ በጀርባ በኩል ያለው ቦታ ለምድር በታች ፎቅ እየተቆፈረ ነው፤ 6 ሜትር ይሆናል፣ ከእኛ ግድግዳ 5 ሜትር ያህል ይርቃል። ይህስ?

መልስ፦ መሐንዲስ አቃቂ

ሦስት ካርድ 2.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከላይ መስፋቱ የሕንፃው ያ ጫፍ ከመሃሉ አንጻር መውረዱን ያመለክታል። ጊዜው ግንቦት ነው፤ አፈሩ በጣም የደረቀበት ወቅት ስለሆነ የአፈር መኮማተር ያመጣው ስንጥቅ አሁን በሰፊው ላይ ነው ያለው። ክረምቱ ገፍቶ መስከረም ላይ ከጠበበ በየወቅቱ የሚከፈትና የሚዘጋ ነው፤ ይኖሩበታል። በክረምትም በበጋም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየሰፋ ከሄደ ግን ከሥሩ በደንብ ያልተጠቀጠቀ ሙሌት አለ፣ ወይም ውሃ አፈር እየወሰደ ነው፤ ይህ የከፋ ነው። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት የእርሳስ ነጥብ ያድርጉ፣ ርቀታቸውን በወር አንዴ ይለኩ፣ ቀኑን አጠገቡ ይጻፉ። ስንጥቁ መንቀሳቀሱን ለማየት በላዩ ላይ የጀሶ ምልክት የሚያደርጉ ከሆነ ልስኑ ተፍቆ ብሎኬቱ ላይ ይሁን፤ ቀለም ላይ የተለጠፈ ጀሶ ራሱ ይላቀቃል እንጂ አይሰነጠቅም።

ቁፋሮው ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ከጉድጓድ ጠርዝ የጥልቀቱን ያህል ርቀት ውስጥ ያለ ሕንፃ በጣም የተጋለጠ ነው፤ ለስላሳ ሸክላ አፈር ላይ ጫናው ከጥልቀቱ ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሰማ ይችላል። እናንተ 5 ሜትር ላይ ናችሁ፣ ጉድጓዱ 6 ነው። የጉድጓዱ ጎን በፓይል (መሬት ውስጥ በተተከለ የኮንክሪት ምሰሶ) ወይም በሌላ ሾሪንግ (አፈሩ እንዳይናድ በሚይዝ ድጋፍ) ተደግፎ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ባዶውን ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ አሁን በደረቁ ጠንካራ ይመስላል፣ በሐምሌ ዝናብ ግን ያው ግድግዳ ጭቃ ይሆናል። የደረቀ መረሬ ቀጥ ብሎ መቆሙ ብዙ ተቆጣጣሪዎችን አታልሏል። ሾሪንግ ከሌለው መሠረቱ ተሞልቶ እስኪወጣ ድረስ እዚህ ቤት አይግቡ፤ ሌላው ሁሉ ጥሩ ቢሆንም።

ሾሪንግ ኖሮት ከገቡ ደግሞ እነዚህን ይወቁ፦ ከጉድጓዱ ጠርዝ ጋር ትይዩ ሆኖ መሬቱ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ፣ በአንድ ቀን ውስጥ የታየ አዲስ ስንጥቅ፣ ትናንት ሲዘጋ የነበረ በር ዛሬ መያዙ፣ ግድግዳ ውስጥ የመፈንዳት ድምፅ። ከነዚህ አንዱን ካዩ ዕቃ ሳይሰበስቡ ጎረቤት አስጠንቅቀው ይውጡ፣ ወደ አዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት አመራር 939 ይደውሉ። የወረዳውን የግንባታ ቁጥጥር በጽሑፍ ማመልከት ከዚያ በፊት፣ አሁኑኑ የሚሠራ ነው።

መልስ፦ ሕግና ቤት

ሾሪንጉ ተረጋግጦ የሚዋዋሉ ከሆነ ይህን አንቀጽ እንዳለ መውሰድ ይችላሉ፦

«አከራይ የአሸንዳውን ፍሳሽ ወደ ማንሆል የማስገባትና በሕንፃው ዙሪያ የተላቀቀውን ንጣፍ የማስደፈን ሥራ እስከ ሰኔ 15 ድረስ በራሱ ወጪ ያጠናቅቃል። በርክክብ ሰነዱ ላይ የተመዘገበ ማንኛውም ስንጥቅ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሰፋ፣ ወይም በኮለን፣ በቢም ወይም በሶሌታ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ወይም ሥልጣን ያለው አካል ቤቱ ለመኖሪያ እንደማይሆን ከገለጸ፣ ተከራይ ያለ ቅጣት ውሉን ማቋረጥ ይችላል፤ አከራይም ያልተኖረበትን ቅድሚያ ክፍያ በ7 ቀን ውስጥ ይመልሳል።»

ቀኑንና ቁጥሩን እንደ ስምምነታችሁ ይለውጡ። ግን «አከራይ እንደ አስፈላጊነቱ ይጠግናል» የሚል ሐረግ በምትኩ ልጻፍ ቢሉዎት አይፈርሙ፤ አስፈላጊነቱን የሚወስኑት እሳቸው ብቻ ይሆናሉ።