ደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴን ለወጣቶች ሲያስተዋውቁ ከየት መጀመር ይሻላል?

ጠያቂ (ከአዳማ)፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ አዳማ በየአሥራ አምስት ቀኑ የምንገናኝ የንባብ ወዳጆች አለን፤ በመጪው ታኅሣሥ፣ ያረፉበትን ወር ምክንያት በማድረግ፣ ስለ ደጃዝማች ዶክተር ዘውዴ ገብረ ሥላሴ ግማሽ ሰዓት እንድናገር ተራው ደርሶኛል። በ1919 ዓ.ም. መወለዳቸውን፣ የአዲስ አበባ ከንቲባ፣ የፍትሕ ሚኒስትር፣ በሶማሊያ አምባሳደር፣ በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ ቋሚ መልእክተኛ፣ በአብዮቱም ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር መሆናቸውን፣ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ማረፋቸውንም ጽፌ ስጨርስ ወረቀቱ የሹመት መዝገብ ሆነብኝ። ከአድማጮቼ ብዙዎቹ ስማቸውን እንኳ አልሰሙም። በዲፕሎማቱ ልጀምር ወይስ በታሪክ ጸሐፊው?

መልስ 1፦
እኔ ብሆን በምጽዋ እጀምር ነበር። የዐፄ ዮሐንስ 4ኛን የፖለቲካ ታሪክ የሚተርከው መጽሐፋቸው በኦክስፎርድ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1975፣ ማለትም ከአምባሳደርነቱም ከመልእክተኛነቱም በኋላ ነው፤ ስለዚህ የንጉሡን ድርድሮች የመረመሩት ራሳቸው በድርድር ወንበር ተቀምጠው ያዩ ሰው ናቸው። በ1876 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ጋር በተፈረመው ውል፣ ዐፄ ዮሐንስ በማህዲስቶች (በሱዳን በግብጽ አገዛዝ ላይ በተነሡት የሃይማኖት ዐማፅያን) የተከበቡት የግብጽ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ሊረዱ፣ በአንጻሩም ግብጾች ይዘውት የነበረው ቦጎስ (በዛሬዋ ኤርትራ የከረን አካባቢ) ሊመለስላቸውና በምጽዋ በኩል የጦር መሣሪያን ጨምሮ ዕቃ በነጻ ሊያልፍላቸው ተስማሙ። ንጉሡ የበኩላቸውን ፈጸሙ፤ ዓመት ሳይሞላ ግን፣ በ1877 ዓ.ም.፣ ጣሊያን በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋን ያዘ። ከዚያ ከጣሊያን ጋር የተደረገው የዶጋሊ ውጊያ መጣ፣ ከዚያም ንጉሡ ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት መተማ። ወጣቶቹ ይህን ከሰሙ በኋላ አንድ የውጭ ጉዳይ ሰው ለምን ወደዚያ ዘመን መዛግብት እንደተመለሰ ማስረዳት አይቸግርዎትም።

መልስ 2፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ደራሲው በእናታቸው በኩል የዐፄ ዮሐንስ ዝርያ መሆናቸውን አስቀድመው ይናገሩ። ይህ መጽሐፉን አያሳንሰውም፣ እንዲያውም ከቤተሰብ የሚሰማና ከመዝገብ የሚገኝ ታሪክ የት እንደሚለያይ አድማጩ እንዲጠይቅ ያነሣሣዋል። በተለይ ዐፄ ዮሐንስ ስለ ሃይማኖት የጠሩት የ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤና ከእርሱ በኋላ በወሎ ሙስሊሞች ላይ የደረሰው ሃይማኖት የማስለወጥ ግዳጅ፣ አዳማን በመሰለች ልዩ ልዩ ሃይማኖት በተሰባሰበባት ከተማ፣ መነሣቱ አይቀርም። ተዘጋጅተው ይሂዱ እንጂ አይሽሹት። (የሙት ዓመት ንግግሮቻችን ሁሉ ውዳሴ ብቻ መሆናቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሰልችቶኛል።)

መልስ 3፦
በኅዳር 1967 ዓ.ም. ደርግ ስድሳ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን የቀድሞ ባለሥልጣናት፣ በረሸነ ጊዜ ሥልጣናቸውን መልቀቃቸውን እንዳይዘነጉ። ይህን ያደረጉት ሚኒስትር ሳሉ ነው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በምጽዋ እጀምራለሁ፣ ሹመቶቹንም በአንድ ዐረፍተ ነገር እጨርሳቸዋለሁ፤ የቦሩ ሜዳን ጉዳይ ደግሞ ጥያቄው ከአድማጭ እስኪመጣ ሳልጠብቅ ራሴ አነሣዋለሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ስለ ውሉ የሚናገረውን አንድ ገጽ ተርጉሜ ላነብ አስቤአለሁ። የምጽዋንና የቦጎስን ካርታ ግድግዳ ላይ የማሳይበት ፕሮጀክተር ለአንድ ከሰዓት የሚያውሰኝ የአዳማ ሰው ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ።