ፖት ሮስት ለመሥራት የቱ ድስት ይሻላል? ጥቆማ

ከባድ ብረት ድስት ልግዛ፣ እንፋሎት አምቆ በፍጥነት የሚያበስለውን ፕሬዠር ኩከር ወይስ በኤሌክትሪክ ለሰዓታት በቀስታ የሚያበስለውን ስሎ ኩከር? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅኩ አላስታውስም። ሦስቱንም ሞክሬያቸዋለሁ፤ የምመርጠውም አለኝ። ግን ለዕቃው ብር ከማውጣታችሁ በፊት ስለ ሥጋው እናውራ። እሱ ከተበላሸ የትኛውም ድስት አያድናችሁም።

ለማያውቀው ያህል፣ ፖት ሮስት ማለት 1 ኪሎ ተኩል ገደማ የሚሆን የበሬ ሥጋ ሳይከተፍ በሙሉው የሚበስልበት ምግብ ነው። መጀመሪያ ከውጭ ጠበስ ይደረጋል። ከዚያ ትንሽ መረቅ ተጨምሮበት፣ ድስቱ ተከድኖ ለሰዓታት በቀስታ ይበስላል። አትክልቱም እዚያው ይገባል። መጨረሻ ላይ የቀረው ፈሳሽ ወፈር ተደርጎ ግሬቪ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ የኔ ምርጫ ወርች ነው። ሲራመድ የኖረ ጡንቻ ስለሆነ ኮላጅን የሚባለው ጡንቻውን የሚያያይዝ ጠንካራ ነገር ሞልቶታል። ጥሬው ሲታይ ጠንካራ ነው፣ ሰው ይሸሸዋል። ነገር ግን ሙቀቱ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስና እዚያው ሲቆይ ኮላጅኑ ቀስ እያለ ጄላቲን ወደሚባል ለስላሳ፣ ሙጫ መሰል ነገር ይለወጣል። ሥጋውን የሚያለሰልሰው፣ ግሬቪውንም ከንፈር ላይ ሙጭጭ የሚያደርገው እሱ ነው። ሁለተኛ ፍርምባ እላለሁ። ጣዕሙ ግሩም ነው፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ታፋ ስብ ስለሌለው ይደርቃል። አንድ ጊዜ «ቀይ ሥጋ ይሻላል» ብዬ ታፋ ገዛሁና እንግዶቼ ግማሹን ምሽት ሲያኝኩ አመሹ። ፊሌቶማ ለዚህ ማዋል ኃጢአት ነው። እሱ ለፈጣን ጥብስ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ዕቃው።

አንድ ብቻ ግዙ ብባል ክዳኑ በደንብ የሚገጥም፣ ውስጡ በኢናሜል የተለበጠ ከባድ ብረት ድስት እላለሁ። ምድጃ ላይ ትጠብሱበታላችሁ፣ ከዚያ ያው ድስት ኦቨን ውስጥ ይገባል። የተጠበሰው ነገር ሥሩ ላይ ይቀራል እንጂ ከሌላ መጥበሻ ጋር አይታጠብም። ኦቨኑን 150 ዲግሪ ላይ አድርጉና ከ3 እስከ 4 ሰዓት ተዉት። ፈሳሹ ከሥጋው ግማሽ በላይ አይድረስ፤ ካሰመጣችሁት ቅቅል ነው የሚሆነው። ኦቨን የሌለው ሰው ምድጃ ላይ በጣም ዝቅተኛ እሳት ተጠቅሞ በየግማሽ ሰዓቱ እያገላበጠ ሊሠራው ይችላል። ጉድለቱ ክብደቱ ነው። ሞልቶ ሲነሳ ወገብ ይፈትሻል።

ከሥራ መልስ ራት ማድረስ ላለበት ፕሬዠር ኩከር ነው። ውስጡ ወደ 120 ዲግሪ ስለሚደርስ ያው ሥጋ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ ባለው ጊዜ ይለሰልሳል። ሲያበቃ ግን እንፋሎቱን በአንዴ አትልቀቁት። ፈሳሹ በድንገት ይንተከተክና ሥጋው ይደርቃል። 15 ወይም 20 ደቂቃ ጠብቁት፣ በራሱ ይብረድ። የማልወድለት ግሬቪውን ነው። ውኃው ስለማይተን ቀጭን ሆኖ ይወጣል፣ ክፍቱን መልሳችሁ ማፍላት ይኖርባችኋል።

ስሎ ኩከር ጠዋት ጥዶ ለሚወጣ ሰው ይመቻል። በዝቅተኛው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይፈጃል። አንድ ኩባያ መረቅ ይበቃዋል። ካሮትና ድንቹን ከሥር፣ ሥጋውን ከላይ አድርጉ፤ እዚህ ዕቃ ውስጥ ሥራ ሥር ከሥጋ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። ክዳኑን እየከፈታችሁ አትዩ። በረዶ የሆነ ሥጋም አትክተቱበት፤ እስኪሞቅ ብዙ ስለሚቆይ ለባክቴሪያ ይመቻል። አብዛኞቹ ስሎ ኩከሮች ስለማይጠብሱ ለጥብሱ ሌላ መጥበሻ ማቆሸሻችሁ አይቀርም። ሥጋው ይለሰልሳል፣ ጣዕሙ ግን ለኔ ትንሽ ለዘብ ይላል።

በየትኛውም ብትሠሩት ጥብሱን አትዝለሉ። ሥጋውን በወረቀት አድርቁ፣ ጨው አድርጉበት፣ እያንዳንዱን ጎን ደህና ቡናማ እስኪሆን 4 ወይም 5 ደቂቃ ጥበሱት። «ጭማቂውን ይቆልፈዋል» የሚባለው እውነት አይደለም። ጥቅሙ ቀለሙና ጣዕሙ ነው። ከዚያ ሽንኩርቱን ጨምሩና ሥሩ ላይ የተጣበቀውን ቡናማ ነገር በመረቅ እያራሳችሁ በእንጨት ማንኪያ ፋቁት። ጣዕሙ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሥጋው ኦቨን ከገባ ሁለት ሰዓት ሲሞላው ነው። ከፍቶ ይወጋዋል፣ ድርቅ ብሏል። «አበዛሁበት» ብሎ ያወጣዋል። ገና አልበሰለም እኮ! መልሱት። ሹካ ወግታችሁ ስታዞሩት ያለ ትግል ሲላቀቅ ነው የደረሰው። ቴርሞሜትር ያለው ከ90 እስከ 95 ዲግሪ ይፈልግ።

በብረት ድስቱ ስሠራ ካሮትን እኔ ሁለት ጊዜ ነው የምጨምረው። የመጀመሪያው ከሽንኩርቱ ጋር ገብቶ እስኪፈርስ ይበስላል። የሚበላው ካሮትና ድንች ደግሞ የመጨረሻው አንድ ሰዓት ሲቀር ይገባል። ሥጋው ሲወጣ ስቡን ከላይ እቀዳለሁ፣ የፈረሰውን ሽንኩርትና ካሮት ከፈሳሹ ጋር እፈጨዋለሁ። ያለ ዱቄት ወፍሮ ቁጭ። በተለመደው መንገድ የሚፈልግ ለአንድ ኩባያ መረቅ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ ይጨምር። ስንዴ ዱቄት ከሆነ ሁለት ማንኪያ፣ ጥሬ ጣዕሙ እስኪጠፋ ይንተክተክ። የሾርባ ኩብ የምትጠቀሙ ጨው መጀመሪያ ላይ ቀነስ አድርጉ፤ ፈሳሹ በተነነ ቁጥር ጨውነቱ ይበረታል። እኔ አንዴ ግሬቪውን በሙሉ የደፋሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ስትቆርጡት የሥጋውን ክሮች ተከትላችሁ ሳይሆን አቋርጣችሁ። ከተቻለ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ሥሩት። በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። በማግስቱ ስቡ ከላይ ረግቶ ስለሚጠብቃችሁ በማንኪያ አንስታችሁ መጣል ነው፤ ቀዝቃዛው ሥጋም ሳይፈረካከስ ይቆረጣል። ቁራጮቹን በግሬቪው ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ አሙቋቸው።