አራስ ቤት ውስጥ ጭሱ ያለቀለት ከሰል ችግር አለው?

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም የባሕር ዳር ሰዎች፣ ቶሎ መልስ እፈልጋለሁ። እህቴ ከወለደች ዛሬ 11ኛ ቀኗ ነው። እማዬ ልታርሳት ከዘጌ መጥታለች። ትናንት ማታ አራሷ ክፍል ውስጥ ቡና ተፈላ። በረካው ተጠጥቶ ሲያልቅ እማዬ ምድጃውን አላወጣችውም፤ አራሷን ብርድ እንዳይመታት ብላ ወደ አልጋው አስጠጋችው፣ በሩን ዘጋች፣ ከበሩ ስር ያለችውን ክፍተት ሳይቀር በነጠላ ወተፈቻት። መስኮቱ ድሮም በትንኝ ምክንያት ተዘግቶ ነው የሚያድረው።

ጠዋት ስገባ እህቴ ጭንቅላቷን ይዛ ተቀምጣለች። ሁለት ጊዜ አስመለሳት። እማዬም ጉልበቴ ከዳኝ እያለች ነው። ሕፃኑ ይተኛል ብቻ፣ ለጡት ሲቀሰቀስ እንደወትሮው አይጠባም። እማዬ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣቻት። ስለ ከሰሉ ሳነሳባት «ውጭ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ አልቆ፣ ፍም ብቻ ሲሆን ነው ያስገባሁት። ውኃም በሳሕን አስቀምጫለሁ» አለችኝ። እውነት ችግር የለውም?

አባይ ማዶ፦
እህቴ፣ መልስ መጠበቁን ተይና መጀመሪያ ሦስቱንም ከክፍሉ አውጪያቸው። በርና መስኮት ክፈቺ። ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል፣ ሕፃኑም እናትሽም ጭምር። ባጃጅ ካገኘሽ በባጃጅ፣ ካልሆነ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አንድ ክፍል ያደሩ ሰዎች በአንድ ጠዋት አብረው ሲታመሙ ምች አትበሉት። ስትደርሱ ደግሞ ከሰል ይዘው ዘግተው ማደራቸውን ቀድመሽ ተናገሪ። ካልነገርሻቸው የምግብ መመረዝ ሊመስላቸው ይችላል።

ነርስ ነኝ፦
አባይ ማዶ ያለውን አሁኑኑ አድርጊ፣ ይሄን መንገድ ላይ ታነቢዋለሽ። እናትሽ ያሉት ነገር በብዙ ቤት ይታመናል። ግን ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ አንድ አይደሉም። ጭስ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ያስላል፣ ስለዚህ ሰው ይሸሸዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ያ ደስ የሚለው ቀይ ፍም ያወጣዋል፣ አመድ የለበሰ ረመጥም ያወጣዋል። እኔን ጭሱ ያለቀለት ከሰል ይበልጥ የሚያስፈራኝ ማንም ስለማይሸሸው ነው። ሳሕን ውኃ አይመጠውም፣ ሽንኩርትም አይመጠውም።

ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ኦክስጅን ቦታ ያጣል። እና ጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክስጅን መለኪያ 98 ብታሳይ እንዳትዘናጉ፣ ጋዙንና ኦክስጅኑን አትለይም፤ የሚለየው የደም ምርመራ ነው። «ንጹሕ አየር ካገኙ ይበቃል» ብላችሁም እንዳትቀሩ። ውጭ አየር ላይ ደም ውስጥ ያለው በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ በጭንብል ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ የሱ ይብሳል።

የድሮ ተማሪ፦
በልጅነቴ፣ ተማሪ እያለን ቀበሌ 14 አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይተን ነበር። ክረምት ነው፣ መብራት ጠፍቷል፣ በቆሎ ጠብሰን በላንና ምድጃውን እዚያው ትተን ተኛን። ሌሊት ሽንቴ ቀሰቀሰኝ። እግሬ የኔ አይመስለኝም። የበሩን መቀርቀሪያ እያየሁት እጄ አልታዘዝ አለኝ። መቀርቀሪያዋ በአንድ ሚስማር የተያዘች ስለነበረች ስወድቅባት ተነቀለች፣ ግቢው ጭቃ ላይ በግንባሬ ተደፋሁ። አከራያችን ድምፅ ሰምተው ወጡና ጓደኞቼን እየጎተቱ አወጧቸው። ሁለቱም ተረፉ። አንደኛው ግን ለወራት ያነበበውን ይረሳ ነበር። ሲያመኝ ተነስቼ እከፍታለሁ የምትሉ ሰዎች፣ እኔ ነቅቼም መክፈት አልቻልኩም።

ኤሌክትሪሺያኑ፦
እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። ለሌሎቻችን፣ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ አለ። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ አስመጡ። የጭስ ጠቋሚ ሌላ ዕቃ ነው፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ እንዳትገዙ። መኝታ ቤት አጠገብ፣ ተኝታችሁ በምትሰሙት ቦታ ይሰቀል። ሴንሰሩ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚያገለግል፣ ጀርባው ላይ ያለውን ቀን እዩ። መብራት ሲጠፋ በረንዳ ላይ ጀኔሬተር የምታስነሱም አላችሁ። እሱም ያንኑ ጋዝ ነው የሚያወጣው፣ ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ጭስ ማውጫውም ከመስኮትና ከበር ይዙር፣ የጎረቤትንም ጨምሮ።

የሽምብጥ ልጅ፦
ከሆስፒታል ነው የምጽፈው። ሁሉም ኦክስጅን ላይ ናቸው። ሕፃኑ ቅድም ጮኾ አለቀሰ፣ ከዚያ ጡት ያዘ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ። እማዬ ጭንብሉን ከፍ አድርጋ «ሀገር ቤት ስንት አራስ በእሳት አርሻለሁ፣ ማን ምን ሆነብኝ?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

ነርስ ነኝ፦
እሰይ! እናትሽን እንዳትቆጪያቸው፣ ያደረጉት ለልጃቸው አስበው ነው። ሀገር ቤት የጭቃው ግድግዳ ከጣሪያው ጋር አይገጥምም፣ በየስንጥቁ ነፋስ ይገባል። እዚያም ቢሆን ጉዳት አለው፣ ግን እንዲህ አይታፈንም። የናንተ ቤት ብሎኬት ነው፣ ተለስኗል፣ ኮርኒስ አለው፣ በሩ ብረት ነው፣ ከስሩም ነጠላ ተወትፎበታል። እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው፣ ይገባቸዋል። ትንኙን በአጎበር ተከላከሉ፣ መስኮቷ ትንሽ ገርበብ ትበል። ለብርዱ ጋቢ ደርቡ፣ ለእህትሽ እግር ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልሉላት፣ ሕፃኑን ግን አይንካው። በሚመጡት ሳምንታት መርሳት ወይም መደናገር ካየሽባቸው መልሰሽ አምጫቸው። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ምድጃው እዚያው ይደር።