«ኼይሞን»ን ክረምት ማለት ይገባልን?

የግሪክኛ መምህሩ (የክርክሩ መነሻ)፦
በአማርኛው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቁጥር 22 የመቅደስ መታደስ በዓል በኢየሩሳሌም እንደ ሆነ ከተነገረ በኋላ «ክረምትም ነበረ» ይላል፤ የግሪክኛው ቃል «ኼይሞን» ነው። በዓሉ በአይሁድ አቆጣጠር ኪስሌቭ 25 ቀን የሚጀምር በመሆኑ በእኛ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ይውላል። በዚህ ምክንያት «ክረምት» የሚለው ቃል አንባቢውን ወደ ሐምሌና ነሐሴ ስለሚወስደው ይለወጥ የሚሉ ወገኖች አሉ። እኔ ግን አይለወጥ እላለሁ። የግሪክ አገር ዝናብ በአብዛኛው የሚዘንበው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው፤ በጋው ደረቅ ነው። ጥንታዊው ገጣሚ ሄሲዮድ ኩርኩር የተባለው ወፍ ጩኸት ዝናባሙን «ኼይማ» እንደሚያበሥርና ገበሬው ያን ጊዜ በሬዎቹን ጠምዶ ሊያርስ እንደሚገባ ጽፏል። እንግዲህ ኼይሞን ማለት ምድር የምትረጥብበት፣ ወንዝ የሚሞላበት፣ መርከብ ወደብ ውስጥ የሚከርምበት ወቅት ነው። ቃሉ ማዕበሉን ራሱንም ይጠራል፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የጳውሎስን መርከብ ፀሐይና ከዋክብት ሳይታዩ ለብዙ ቀን ያንገላታው ማዕበል በዚሁ ቃል ተጠርቷል።

ተርጓሚዋ፦
መምህር፣ ስለ ዝናቡ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የቃሉን ዘመዶች ልብ ይበሉልኝ። የላቲኑ «ሂየምስ»፣ የሩሲያው «ዚማ»፣ ሂማላያ በሚለው ስም ውስጥ ያለው የሳንስክሪቱ «ሂማ» ሁሉም ከአንድ ሥር የወጡ ሲሆኑ፣ የሚያመለክቱትም ብርድን፣ በረዶንና የበረዶን ወራት ነው። በተጨማሪም ወንጌላዊው ወቅቱን የጠቀሰው፣ ኢየሱስ ጣሪያ ባለው በሰሎሞን መመላለሻ ለምን ይመላለስ እንደ ነበር ለማስረዳት ይመስለኛል። «የብርድ ወራት ነበረ» ብንል አንባቢው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ «ክረምት» ስንለው ግን የተሳሳተ ወር እንሰጠዋለን።

የግሪክኛ መምህሩ፦
የቃል ዘር የቃል ትርጉም አይደለም፣ እመቤቴ። ከዚያው ሥር ግሪኮች ለአመዳዩ በረዶ «ኺዮን» የሚል ለብቻው የቆመ ቃል አውጥተዋል፤ ኼይሞንን የሰጡት ለዝናቡ ወቅትና ለማዕበሉ ነው። በዚህ ላይ እኔን እጅግ የሚያስደስተኝ ሌላ መመሳሰል አለ። «ኺማይራ» የሚባለው የፍየል ስም አንድ ክረምት ያሳለፈች ግልገል ማለት እንደ ነበር የቋንቋ ሊቃውንት ያስረዳሉ፤ ዕድሜዋ በክረምት ተቆጥሯል ማለት ነው። እኛስ «ከረመ» ከሚለው ግስ «ለከርሞ» እያልን መጪውን ዓመት እንጠራ የለምን? «የከርሞ ጥጃ»ስ ዓመት አልፎት ያላደገ ጥጃ አይደለምን? ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች ዓመትን በዝናቡ ወቅት ለክተዋል። «የብርድ ወራት» የሚለው ሐረግ ይህን ሁሉ ይጥለዋል።

ዲያቆኑ፦
የግእዙ ወንጌል የተተረጐመው ከጽርእ፣ ማለትም ከግሪክኛ፣ መሆኑን አንርሳ። በማቴዎስ ምዕራፍ 24 ቁጥር 20 ሽሽታችሁ «በክረምት» እንዳይሆን ጸልዩ የሚለውን ቃል አንድ የጎጃም ገበሬ ሲሰማ ጭቃው፣ የሞላው ወንዝና ያለቀው ጎተራ በአንድ ጊዜ ይታዩታል። «በብርድ ወራት» ብንለው ግን ማስጠንቀቂያው ይላላል፤ ታኅሣሥ ለእኛ መንገዱ የደረቀበት፣ ለመንገደኛ የሚመች ጊዜ ነውና። በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ስለሆነ፣ በዮሐንስ 10 ላይ የእኅታችን ሥጋት እውነት አለው። ይሁንና ያ በአንድ መስመር የኅዳግ ማስታወሻ ይፈታል። ይልቅ ከዚህ የሚብሰው በኢየሩሳሌም አጠገብ ያለው የቄድሮን ሸለቆ ጉዳይ ነው። በዮሐንስ 18፥1 ያለው ቃል «ኼይማሮስ» ማለትም በክረምት የሚፈስ ሲሆን፣ እኛ ዝም ብለን «ወንዝ» ስንለው አንባቢው ክረምት ከበጋ የሚፈስ ውኃ ይመስለዋል።

ከድሬዳዋ የሆኑ ተሳታፊ፦
እኛ ይህን ቃል ለመረዳት ግሪክኛ አላስፈለገንም። በከተማችን የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል በአሸዋው ላይ በእግራችን እንሻገረዋለን፤ በ1998 ዓ.ም. ግን በሌሊት መጥቶ ሰውንና ቤትን ጠራርጎ ወሰደ። ደረቅ ነው ብሎ የናቀውን ሰው የሚበላ ወንዝ ልዩ ስም ይገባዋል።

የግሪክኛ መምህሩ፦
ግሪኮችም የፈሩት ይህንኑ ነበር። ሆሜር የጦር ሠራዊቶችን ግጭት ከተራራ ወርደው በአንድ ሸለቆ ከሚገናኙ ኼይማሮሶች ጋር ሲያነጻጽር እረኛው ድምፃቸውን ከሩቅ ይሰማል። በጥንቷ አቴናም ከንግግር አዋቂው ከዴሞስቴንስ ንግግሮች ጋር በተላለፈልን አንድ የሙግት ንግግር ጎረቤታሞች ስለ ጎርፍ መውረጃ ተካስሰዋል፤ ከሳሹ መሬትህን አጥረህ ውኃውን ወደ እኔ መለስህብኝ ሲል፣ ተከሳሹ ደግሞ ያ ስፍራ «ኻራድራ» ማለትም የጎርፍ መውረጃ ሆኖ አያውቅም፣ ዛፍና መቃብር ያለበት የገዛ ማሳዬ ነው ብሎ ተሟገተ። ክሱ የ1,000 ድራክማ ነበር። ለዚህ ለኋለኛው ቃል «ፈፋ» ይስማማዋል።

ተርጓሚዋ፦
የኅዳግ ማስታወሻው ካለ «ክረምት»ን እቀበላለሁ። «ፈፋ» ግን ለቄድሮንም ቢሆን ይሻላል። ኢየሱስ የተሻገረው በፋሲካ ሰሞን፣ ዝናቡ እያበቃ ሳለ ነው፤ በውስጡ ውኃ ይኑር አይኑር ወንጌላዊው አልነገረንም። «ወንዝ» ስንል ውኃ እንጨምርበታለን፣ «ደረቅ ሸለቆ» ስንል ደግሞ እንቀንስበታለን። ፈፋ ግን ውኃ ቢኖረውም ባይኖረውም ፈፋ ነው።